ጥቁሩ አልጠቆረም

ጥልፍ የጠለፈ፣ ወይም ሲጠለፍ አጠገብ ቁጭ ብሎ ቡና የጠጣ ሰው ይህችን ችግር ያውቃታል። ሥራው ወራት ፈጅቷል። ሜዳው ሰማያዊ ነው፣ መሃሉ አበባ። ሊያልቅ አንድ ስንዝር ሲቀረው ክሩ ያልቃል። ሱቅ ይኬድና ያው ፋብሪካ የሠራው፣ ያው ቁጥር የተጻፈበት ቱባ ይገዛል። በሱቁ አምፖል ሥር አሮጌውና አዲሱ መንትያ ናቸው። ቤት ተገብቶ ሁለት ሦስት መስመር ከተጠለፈ በኋላ ግን ጨርቁ ላይ ጠባሳ የመሰለ ነገር ብቅ ይላል። ከዚህ በላይ ያለው አንድ ሰማያዊ፣ ከዚህ በታች ያለው ሌላ ሰማያዊ። ከዚያ የሚከተለው እርግማን ነው። ባለሱቁ «ሌባ» ይባላል፤ ፋብሪካው «የድሮው ቀረ» ይባላል፤ ጠላፊዋም ብትሆን «ዓይንሽን ታመምሽ እንዴ?» ከመባል አትድንም።

ታዲያ ጥፋተኛው ማን ነው? ጥያቄውን የሴቶች የሥራ ሰዓት ወሬ ብቻ አድርገን እንዳንንቀው እንጂ፣ ፈረንሳይ ውስጥ አንድ የመንግሥት ፋብሪካን አስጨንቆ፣ የዘመኑን ትልቅ ኬሚስት ለዓመታት ሥራ አስፈትቶ ያውቃል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፋብሪካው ጎብለን ይባላል። ስሙን የወሰደው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ ውስጥ ቢየቭር በምትባል ትንሽ ወንዝ ዳር ሱፍ በማቅለም ሀብት ካፈሩ ቤተሰቦች ነው። ልብ በሉ፤ መጀመሪያውኑም የአቅላሚ ስም ነው እንጂ የሸማኔ አይደለም። በ1662 የንጉሥ ሉዊ 14ኛ ሚኒስትር ኮልቤር ቦታውን ለንጉሡ ገዝቶ የቤተ መንግሥት ማስጌጫ የሚሠራበት ታላቅ ፋብሪካ አደረገው። ዋናው ምርቱ የግድግዳ ስጋጃ ነው። ሥዕል ነው እንበለው፤ ግን በቀለምና በብሩሽ የተሣለ ሳይሆን በሱፍና በሐር ክር የተሸመነ። ሸማኔው በቆመው ድር ጀርባ ይቀመጣል፤ የሚሠራውን የሚያየው ከኋላ በኩል ነው። ፊቱን ለማየት ከፈለገ ከድሩ ወዲያ የተቀመጠ መስታወት ይመለከታል። አንድ ሰው ዓመቱን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ሠርቶ የሚጨርሰው ከጥቂት ካሬ ሜትር አይበልጥም። እንዲህ ባለ ሥራ ላይ የቀለም ስህተት ማለት የገንዘብና የዕድሜ ኪሳራ ነው። መተርተር አለ፤ ግን ስንት ወር ይተረተራል?

በ1824 የዚህ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ሆኖ የተሾመው ሚሼል ኡዤን ሼቭረል ነበር። ሰውዬው በቦታው የመጀመሪያው ኬሚስት አልነበረም። ከእሱ በፊት እንደ ቤርቶሌ ያሉ ስመ ጥር ሊቃውንት ይዘውት ነበር። ሼቭረል ግን እስከዚያ ድረስ የሚታወቀው በቀለም ሳይሆን በስብ ነው። የሳሙናን ነገር የመረመረው፣ ስብ ከምን ከምን እንደተሠራ የለየው እሱ ነው፤ በ1823 ባወጣው መጽሐፍ የዓለም ሊቃውንትን አስደምሟል። ሳይጨስና ሳይገማ የሚነድደው የዘመኑ አዲስ ሻማም የዚሁ ምርምር ልጅ ነው። እንግዲህ ሞራና ጮማ ሲመረምር የኖረ ሰው መጥቶ የሱፍ ማቅለሚያ ጋን ፊት ቆመ ማለት ነው።

ገና ከመግባቱ አቤቱታ ጠበቀው። ሸማኔዎቹና አለቆቻቸው «የእናንተ ጥቁር አይጠቁርም» ይላሉ። በተለይ ሰማያዊና ወይን ጠጅ ልብስ ያለበትን ሥዕል ሲሸምኑ፣ ለልብሱ እጥፋት ጥላ እንዲሆን የሚያስገቡት ጥቁር ክር ጉልበት የለውም፤ ዝገት ዝገት ይላል፤ ይሞታል። ሌላም ክስ አለ፤ ፈዛዛ ሰማያዊው፣ ፈዛዛ ወይን ጠጁ፣ ግራጫውና ቡናማው ቶሎ ይለቃል።

ብዙ ሹም እንዲህ ያለ አቤቱታ ሲቀርብለት ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ አቅላሚዎቹን ሰብስቦ ይቆጣል፣ ወይ ሸማኔዎቹን «ሥራችሁን ሥሩ» ብሎ ያባርራል። ሼቭረል ሁለቱንም አላደረገም። ከሌሎች ታዋቂ ማቅለሚያ ቤቶች፣ ከአገር ውስጥም ከውጭም፣ ጥቁር ሱፍ አስመጣና ከጎብለኑ ጥቁር ጋር አስተያየ። የጎብለኑ ጥቁር ከማንም አያንስም። እንግዲህ ክሩ ጥቁር ነው፤ ሸማኔውም የሚያየውን ነው የተናገረው። ሁለቱም እውነታቸውን ከሆነ ስህተቱ የት ገባ?

መልሱን ያገኘው ከጋኑ ውስጥ ሳይሆን ከጥቁሩ ጎን ካለው ሰማያዊ ነው። ዓይናችን አንድን ቀለም ለብቻው አያይም። ሁለት ቀለሞች ጎን ለጎን ሲሆኑ ዓይን ልዩነታቸውን ያጋንናል፤ አንዱ በሌላው ላይ ተቃራኒውን ያጠላበታል። የሰማያዊ ተቃራኒ ብርቱካናማ ነው፤ ስለዚህ ሰማያዊ አጠገብ የተቀመጠ ጥቁር ብርቱካናማ ጭጋግ ይለብሳል። ብርቱካናማ ደግሞ ብርሃን የበዛበት ቀለም ስለሆነ ጥቁሩን ያነጣዋል። ያ «ዝገት» ከዚህ የመጣ ነው። የወይን ጠጅ ተቃራኒ ወደ አረንጓዴ ያደላ ቢጫ ነው፤ ውጤቱ ከመጀመሪያውም የባሰ ነው። ያንኑ ጥቁር ክር ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጡት፤ የሌሊት ጨለማ ይመስላል።

ነገሩን ለማረጋገጥ የሠራው ሙከራ ዛሬም ጠረጴዛ ላይ በአምስት ደቂቃ የሚሠራ ነው። አራት ቁራጭ ወረቀት ይዘጋጃል፤ ሁለቱ ነጣ ያለ ግራጫ፣ ሁለቱ ጠቆር ያለ ግራጫ። አንድ ነጣ ያለና አንድ ጠቆር ያለ ወረቀት ጠርዝ ለጠርዝ ይገጠማሉ። የቀሩት ሁለቱ ራቅ ብለው፣ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ይቀመጣሉ። የተጣበቁትን ካልተጣበቁት ጋር ስታስተያዩ፣ ነጣ ያለው ከመንትያው ይበልጥ ነጥቶ፣ ጠቆር ያለው ከመንትያው ይበልጥ ጠቁሮ ይታያል። ለውጡ በጣም የሚከረው መጋጠሚያው መስመር ላይ ነው። እዚህ ላይ ያቺ ጠላፊያችን ትዝ ትበለን። አሮጌው ሰማያዊና አዲሱ ሰማያዊ ምናልባት የሚለያዩት በኢምንት ነው። ግን በቀጥታ መስመር፣ ጠርዝ ለጠርዝ ተገናኝተዋል። ቀሪውን የጨመረው ዓይን ነው።

ሼቭረል ግኝቱን በ1828 ለሳይንስ አካዳሚው አቀረበ። ሙሉው መጽሐፍ የወጣው ግን ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ1839 ነው። መጽሐፉ ስለ ሥዕል፣ ስለ ስጋጃ፣ ስለ ቤት ዕቃ፣ ስለ አበባ አተካከል፣ ስለ ሴት ልብስና ባርኔጣ ሳይቀር ያትታል። እኔን በይበልጥ የሚማርከኝ ግን ስለ ገበያ ጠብ የጻፈው ነው። ነጋዴዎች ቀይ፣ ወይን ጠጅና ሰማያዊ ጨርቅ ለማተሚያ ቤት ይሰጣሉ፤ ጥቁር ጌጥ እንዲታተምበት። ጨርቁ ሲመለስ ነጋዴዎቹ ይጮኻሉ። ቀዩ ላይ ያለው ጌጥ አረንጓዴ ነው፣ ወይን ጠጁ ላይ ያለው ጠቆር ያለ አረንጓዴ ቢጫ ነው፣ ሰማያዊው ላይ ያለው መዳብ መሰለ፤ እኛ ያዘዝነው ጥቁር ነው! ሼቭረል ለዳኝነት ተጠራ። ያደረገው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ጌጡ ብቻ እንዲታይ አድርጎ ነጭ ወረቀት ቀደደና ጨርቁ ላይ አለበሰው። ጌጡ ሁሉ ጥቁር ሆነ። አታሚው ነፃ ወጣ።

መቼም እንዲህ ያለ ጠብ ሲነሣ የሚጎዳው ማን እንደሆነ መገመት አያስቸግርም። ባለገንዘቡ «ዓይኔ አይዋሽም» ካለ አለቀ፤ የአቅላሚው፣ የአታሚው፣ የሰፊው ደሞዝ ይቆረጣል። የነጭ ወረቀቷ ዋጋ ይህ ነው። ሥዕል ተቺዎች ሼቭረልን የሚያነሱት ስለ ሠዓሊያኑ ነው፤ እነ ዦርዥ ሱራ መጽሐፉን አንብበው ነጠብጣብ በነጠብጣብ መሣላቸው እውነት ነው። እኔ ግን ከሠዓሊያኑ ይልቅ ባለዕዳ ያለበቂ ምክንያት ሊሆን የነበረው አታሚ ይበልጥብኛል።

ስለ ሻጭና ገዢም ብዙ ታዝቧል። ለአንድ ገዢ 14 ጥቅል ቀይ ጨርቅ ተራ በተራ ብታሳዩት የመጨረሻዎቹን ስድስት ሰባቱን ያናንቃል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ቢሆኑም። ዓይኑ ቀይ ጠግቧል። መፍትሔው? መሃል ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ጣል ማድረግ። የመርካቶ ነጋዴ ይህን መጽሐፍ ሳያነብ የሚያውቀው ይመስለኛል።

ለሰውዬው ክብር ሲባል ግን መነገር ያለበት ሌላ ነገር አለ። የሸማኔዎቹን አቤቱታ በሙሉ «የዓይናችሁ ነው» ብሎ አልዘጋውም። ስለ ጥቁሩ ተሳስተዋል፤ ስለ ፈዛዛዎቹ ሰማያዊ፣ ወይን ጠጅ፣ ግራጫና ቡናማ ግን ትክክል ናቸው፤ ይለቃሉ፤ ጥፋቱም የእኛ የአቅላሚዎች ነው ሲል በመጽሐፉ መግቢያ ላይ ጽፏል። ግማሹን ክስ ውድቅ ለማድረግ የቻለ ሹም ሌላውን ግማሽ ማመኑ ዘወትር የሚገጥም አይደለም።

የፈዛዛዎቹ ቀለማት መብዛት ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። የጥንቶቹ ሸማኔዎች ጥቂት ጠንካራ ቀለም ነበር የሚጠቀሙት። ሠዓሊው የሰጣቸውን ሥዕል በራሳቸው የቀለም ቋንቋ ይተረጉሙት ነበር። ከጊዜ በኋላ ሥራቸውን እንዲቆጣጠር ዣን ባፕቲስት ኡድሪ የተባለ ሠዓሊ ተሾመባቸው። ኡድሪ «ሥዕሉን እንዳለ ቅዱ፤ እያንዳንዱን ጥላ፣ እያንዳንዱን የጉንጭ ቅላት» አለ። ሸማኔዎቹ ተቃወሙ። እንዲህ ያለው ስስ ቀለም በክር አይፀናም፤ ዛሬ ቢያምርም ነገ ይሞታል አሉ። ጠቡ ዓመታት ፈጀ፤ ያሸነፈው ሠዓሊው ነው። አቅላሚዎቹም የማያልቅ ፈዛዛ ቀለም ሲቀምሙ ኖሩ። ሼቭረል ሲመጣ የጠበቀው የዚህ ውርስ ነው።

ከዚያ ወዲህ የሄደበት መንገድ ቀለምን በቁጥር መሰየም ነበር። ስም አያዛልቅም። የእኛኑ እንይ፤ ሰማያዊ ስንል የትኛው ሰማይ? የሐምሌው ወይስ የመስከረሙ? ቡናማስ የተቆላው ነው፣ ያልተቆላው? ወይን ጠጅ ብላችሁ ሁለት ሰው ብትልኩ አንዱ ወደ ቀይ፣ ሌላው ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ክር ይዞላችሁ ይመጣል። ሁለቱም አልዋሹም። ሼቭረል 72 የቀለም ዓይነት በክብ ደረደረ፤ እያንዳንዱን ከነጭ እስከ ጥቁር በ20 ደረጃ ከፈለ፤ ያንን ክብ ደግሞ ጥቁር እየጨመረ በአሥር ደገመው። ሲባዛ 14,400 ይመጣል፤ የግራጫ ብቻ የሆኑት 20 ሲጨመሩ 14,420። ዛሬ የክር ቱባ ላይ የምናየው ቁጥር ከዚህ ሐሳብ ጋር ዘመድ ነው። (ነገረ ሥራው ሲገጥም፣ በኤፍል ግንብ ላይ ከተጻፉት የሊቃውንት ስሞች አንዱ የሱ ነው፤ ስሞቹም 72 ናቸው።)

ግን ቁጥሩ ቀለሙን ይሰይማል እንጂ ጋኑን አያስርም። ክር የሚቀልመው በየተራ ነው። አንድ ጋን ሲያልቅ ሌላ ይጣዳል። ውሃው ትንሽ ቢለወጥ፣ ሙቀቱ ትንሽ ከፍ ቢል፣ ቀለሙን የሚያስይዘው ማዕድን ጥቂት ቢያንስ፣ ሱፉ ራሱ ከሌላ በግ ቢሆን፣ ያው ቁጥር ያለው ክር ከወንድሙ በትንሹ ይለያል። ለዚህ ነው ጠንቃቃ ጠላፊ ለሜዳው የሚበቃውን ክር ሁሉ ባንድ ቀን፣ ከአንድ ጋን የወጣውን የምትገዛው።

ችግሩን ያባባሰው ደግሞ የ1856ቱ ግኝት ነው። ዊልያም ፐርኪን የሚባል የ18 ዓመት የለንደን ተማሪ የወባ መድኃኒት ኪኒን ለመሥራት ሲታገል ሳያስበው ደማቅ ወይን ጠጅ ማቅለሚያ አገኘ፤ ከድንጋይ ከሰል ዝቃጭ። ተከታትለው ሌሎችም መጡ። በዚያን ጊዜ በአውሮፓና በአሜሪካ ሴቶች ዘንድ የገነነው የበርሊን ጥልፍ ነበር። ወንፊት የመሰለ ጨርቅ አለ፤ በርሊን ውስጥ በእጅ ቀለም ተቀብቶ የሚሸጥ ባለካሬ ንድፍ አለ፤ ካሬውን እየቆጠሩ በሱፍ ክር መሙላት ነው። አዲሶቹ ማቅለሚያዎች ሲመጡ ሳሎኑ ሁሉ በሚያቃጥል ሮዝና ወይን ጠጅ ተጥለቀለቀ። ብዙዎቹ ግን ፀሐይ አይችሉም ነበር። ባንድ አበባ ላይ ያሉ ሁለት ቅጠሎች አንዱ ሲነጣ ሌላው ባለበት ቀረ። እንግሊዛዊው ዊልያም ሞሪስ ከዚህ ተማርሮ ነው ከ1875 ጀምሮ ሊክ በተባለች ከተማ፣ በቶማስ ዋርድል ማቅለሚያ ቤት፣ እጁ ሰማያዊ እስኪሆን ከጋን ጋር የታገለው፤ የድሮውን የሥርና የቅጠል ቀለም ለመመለስ።

አዲሶቹ ማቅለሚያዎች ሌላም ጣጣ አመጡ። ሁለት ክሮች በተለያየ ቅመም ቀልመው በአንድ ብርሃን ሥር አንድ ሊመስሉ፣ በሌላ ብርሃን ሥር ሊለያዩ ይችላሉ። በአምፖል የተመሳሰሉ በፀሐይ ይጣላሉ። ሽሮ ሜዳ ለነጠላዋ ጥለት የሚስማማ ቀሚስ የምትመርጥ ሴት ሁለቱንም ይዛ ወደ ደጅ ስትወጣ ባለሱቁ ይከፋው ይሆናል፤ እሷ ግን ሳይንሱ የሚለውን ነው ያደረገችው።

እሺ፣ ጠባሳው ከወጣ በኋላስ? መጀመሪያ የሼቭረል ነጭ ወረቀት። ሁለት ቀዳዳ ቀድዶ፣ አንዱን ከአሮጌው አንዱን ከአዲሱ ክር ላይ፣ ከመጋጠሚያው ራቅ አድርጎ፣ በቀን ብርሃን ማየት። ልዩነቱ እዚያም ፊት ለፊት ከታየ ክሩ በእርግጥ ሌላ ነው፤ ባለሱቁን መክሰስ ይቻላል። ከጠፋ ወይም እጅግ ከቀነሰ ግን ሙግቱ ከመጋጠሚያው መስመር ጋር ነው፤ መስመር ደግሞ ይፈታል። ጥቂት ረድፍ ይተረተርና መርፌው ላይ አንድ ዘለላ ከአሮጌው፣ አንድ ዘለላ ከአዲሱ አጣምሮ መጥለፍ፤ ወይም አንድ ረድፍ ከዚህ አንድ ረድፍ ከዚያ እያፈራረቁ ቀስ በቀስ ወደ አዲሱ መሻገር። የስጋጃ ሸማኔዎች ይህን ከጥንት ያውቁታል፤ አንዱን ድምቀት ወደ ሌላው እንደ ጣት እያስገቡ ነው የሚያሸጋግሩት፣ ቀጥ ያለ ድንበር አይተዉለትም። ሌላው ዘዴ አዲሱን ክር ከአሮጌው ጋር እንዳይነካካ ማድረግ ነው። ግንድ፣ ሐረግ ወይም ጠቆር ያለ ከፈፍ በመሃል ካለ ዓይን ሁለቱን ማወዳደር ያቅተዋል። ከሁሉ የከፋው ብዙ ሰው የሚሞክረው ነው፤ ሳይተረትሩ መስመሩ ላይ ደርቦ መጥለፍ። ጠባሳ ላይ ጠባሳ ነው።

የቆየ ሥራ ሲጠገን ደግሞ ተራው የጊዜ ነው። በ11ኛው ክፍለ ዘመን የተጠለፈውና ወደ 70 ሜትር የሚጠጋው የባዮ ጥልፍ ሱፉ የቀለመው በሦስት ተክሎች ነው፤ አንዱ ለቀይ፣ አንዱ ለቢጫ፣ አንዱ ለሰማያዊ፤ ሌላው ሁሉ የነዚህ ድብልቅ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተቀደደውን የጠገኑት ሰዎች ክሩን ከጎኑ ካለው ጋር አመሳስለው ነበር። ዛሬ ብዙ ቦታ ላይ ጥገናው ደብዝዞ ይለያል፤ የ900 ዓመቱ ክር ግን እንዳለ ነው። ጠጋኞቹ ሲሠሩ ዓይናቸው ትክክል ነበር። የተለያዩት በኋላ ነው።

ሼቭረል ጎብለንን አገልግሎ፣ መቶ ዓመት ሞልቶት፣ በ1886 ከናዳር ጋር እየተጨዋወተ ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ በ1889 በ102 ዓመቱ ሞተ። በኡድሪ ዘመን የተሸመኑ ስጋጃዎችን ፊታቸውን የሚያይ ሰው ግራጫ ያደላበት ጉንጭ፣ አፈር የመሰለ ሮዝ ያያል። የሙዚየም ባለሙያ አንዱን ጥግ ገልብጦ ሲያሳይ ግን ጀርባው፣ ብርሃን ያላገኘው፣ አሁንም ሮዝ ነው፤ አሁንም ሐምራዊ ነው። ሸማኔው ድሩ ኋላ ተቀምጦ ሲሠራ ያየው የነበረውም ይህንኑ ጀርባውን ነው።